የውሃ ሞተር ገመዱ ወጥቶ አልመለስ ላላችሁ፣ ባህር ዳር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ

ለቸኮለ ሰው ዋጋውን ብቻ ልንገረውና ይሂድ፦ «ሙሉ ማስነሻው ይቀየር» ተብዬ 1,450 ብር ከፍዬ የሠራልኝ 9 ቀን ነው፣ ከዛ አንድ ሽማግሌ አሮጌውን በ400 ብር ሠርተውልኝ ይኸው ሁለት ወር አለፈው፣ በየቀኑ እየተጎተተ ነው። ጊዜ ያለው ደሞ ይከተለኝ፣ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል።

አጎቴ ወራሚት በኩል ሐይቁ ዳር ትንሽ መሬት አለችው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ነው በመስኖ የሚያለማው፣ ዳር ዳሩን ደሞ ማንጎ አለ። እኔ ከተማ ቢሮ ነው የምሠራው ግን ሞተሩን ግማሽ ብር አዋጥቼ ስለገዛሁ ሲበላሽ የሚደወለው ለኔ ነው፣ ሲሠራ ማንም አይደውልም። ሞተሩ ባለ 3 ኢንች ነው፣ ቀይ የተቀባ ሁሉ ሆንዳ ይባላል እንጂ የኛው የቻይና ነው፣ የሆንዳን ጂኤክስ 160 ቁጭ አድርጎ የቀዳ፣ 163 ሲሲ። ስድብ አይደለም፣ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፣ ብዙ ነገሩም ከኦርጅናሉ ጋር ስለሚገጥም መለዋወጫ አይጠፋለትም። የሚጠፋው ጥሩ መለዋወጫ ነው።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ ሽንኩርቱ ራስ እየቋጠረ ባለበት ሰዓት፣ ገና ቁርሴን ሳልበላ ደወለ። «ምላሱን አወጣ» አለኝ። ማን? «ሞተሩ ነዋ!»

ሄጄ ሳየው እውነትም ምላስ ነው። የማስነሻው ገመድ አንድ ክንድ ያህል ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ እጀታው ጭቃው ላይ ተኝቷል፣ ስትገፋው አይገባም፣ ስትጎትተው ምንም ሳይከብድህ ዝም ብሎ ይመጣል፣ ስትነቀንቀው ውስጡ የሆነ ብረት ይንኳኳል። አጎቴ ደሞ የማይሞክረው ነገር የለም፣ ለካ ለኔ ሳይነግረኝ ክዳኑን ፈትቶ ገመድ በእጁ እየጠቀለለበት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስነሳ ነበር። ይሄን እንዳታደርጉ በእናታችሁ። ሞተሩ መልሶ ሲመታ ገመዱ ጣቱን ይዞት ሄዶ ጥፍሩ ጠቁሯል፣ ሲነሳም የሚሽከረከረው ነገር ያለ ክዳን ነው የሚቀረው፣ የጋቢ ጫፍ አንዴ ከያዘ አለቀ። «ሽንኩርቱ ይድረቅ ታዲያ?» አለኝ። መልስ የለኝም።

እኔ እንደ ከተሜ ቀጥ ብዬ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። መስታወት ያለው ሱቅ ነው፣ ልጁም ትሁት ነው፣ ማስነሻውን ገልበጥ አድርጎ አየና ምንም ሳይፈታ «ሞላው ሄዷል፣ ሙሉው ነው የሚቀየረው» አለኝ። ሞላው ብቻውን የለም? «ለብቻው አይመጣም»። ማሠራትስ? ሳቀ፣ በክፋት አይደለም፣ «ማን ይሠራዋል ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሚጣል ዕቃ ነው»። 1,450። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ ማለት ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ በመለዋወጫ ዋጋ ተከራክሮ ያሸነፈ ሰው ስላላየሁ ዝም ብዬ ከፈልኩ።

አዲሱ ሲታይ ያምራል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ እጀታው ላይ ሁሉ ጽሑፍ አለው። ገጠምነው፣ ሦስት ብሎን ብቻ ነው፣ አጎቴ አንዴ ሳበው ተነሳ፣ ደስ አለን። ገመዱ ግን ከአሮጌው እንደሚቀጥን ያኔም አይቻለሁ፣ ውስጥ ያለው፣ ገመዱ የሚጠቀለልበት ፑሌጃም ፕላስቲክ ነው፣ ያሮጌው ደሞ ቆርቆሮ ነበር። ዝም አልኩ፣ አዲስ ነገር ገዝቶ ወዲያው ጉድለቱን ማውራት ደስ አይልም። በ9ኛው ቀን ገመዱ ግማሽ ድረስ እየተመለሰ ግማሹ ውጭ መቅረት ጀመረ፣ ከሰዓት ላይ ጭራሽ ምላስ ሆነ። ይዤው ሄድኩ። «የተገጠመ ዕቃ አንመልስም፣ ደረሰኙ ላይ አለ» አለኝ ያው ትሁት ልጅ። አየሁት፣ እውነትም አለ፣ ከታች በኩል በጣም በትንሹ።

ሁለቱንም የሞተ ማስነሻ በፌስታል አንጠልጥዬ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ነው እንግዲህ የባጃጁ ልጅ ፌስታሉን አይቶ «የምን ሞላ ነው?» ያለኝ። ነገርኩት። «ሽማግሌው ጋ ላድርስህ፣ ካልሠሩት ሒሳብ አልቀበልህም» አለ። (ተቀበለኝ። ሠርተውታላ።)

ቦታው ከቅዳሜ ገበያ ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ሱቆች መደዳ ውስጥ ነው። ሰሌዳ የለውም፣ የሚለየው በር ላይ የተሰቀለ የድሮ የልብስ ስፌት መኪና መንኮራኩር ነው። ውስጡ ሦስት ሰው ከቆመ አራተኛው ውጭ ይጠብቃል። ቤንዚን፣ ላምባና ቡና አንድ ላይ ይሸታል። አንድ ሞርሳ የተገጠመበት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በምስማር በምስማር የተንጠለጠሉ ሞላዎች፣ የጄኔሬተር፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የስፌት መኪና፣ እያንዳንዱ በሽቦ ታስሮ። አንድ ሰው አየሁ ብዬ አልልም፣ ስደርስ አምስት ሰው ነበር የቀደመኝ፣ ከነሱ ሁለቱ ከፎገራ የመጡ እሩዝ አምራቾች፣ አንዱ ደሞ የጀልባ ሞተር ማስነሻ የያዘ ከወደብ የመጣ ልጅ። የጀልባው ሞላ ከኔው ጋር ሲተያይ እንደ አባትና ልጅ ነው።

ሽማግሌው ቀና ብለው ፌስታሌን አዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ ሞላውን አይደለም። «ሞተሩስ?»

ሞተሩን አላመጣሁም ጋሼ፣ የተበላሸው ማስነሻው ነው አልኳቸው።

«ማስነሻ በራሱ አይበላሽም። የት ነው የምታስቀምጡት?»

ሐይቁ ዳር።

«ተዳፋት ላይ?»

ዝም አልኩ። ተዳፋት ላይ ነዋ። ጣና ከጥቅምት በኋላ እየሸሸ ነው የሚሄደው፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይማ ኅዳር ላይ ውሃ የነበረው ቦታ ከብት ይግጥበታል፣ ስለዚህ አጎቴ በየሳምንቱ ሞተሩን ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ወደ ታች ማለት ደሞ ወደ ዘቅዛቃው ጭቃ ማለት ነው። አለማውረድ አይቻልም፣ ፓምፕ ወደ ላይ የሚስብበት ልክ አለው፣ እኛ ደሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ስለሚሳሳ ከባሕር ጠለል ላይ ያነሰ ነው የሚስበው፣ ሞተሩ ራሱ እዚህ ከፍታ ላይ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል።

ሽማግሌው እጃቸውን ሳያቋርጡ አስረዱኝ፣ እኔ ባጭሩ ልበለው። እነዚህ ሞተሮች ውስጥ ዘይት ሲያንስ እሳት የሚያቋርጥ ነገር አለ፣ ዘይታቸው በጠቅላላው 0.6 ሊትር ገደማ ነው። ሞተሩ አዘቅዝቆ ከተቀመጠ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሄድና ሙሉ ሆኖ እያለ «የለም» ይላል፣ ካንዴላው እሳት አይሰጥም። ሰው ደሞ ቤንዚን አለ፣ ዘይት አለ፣ ካንዴላው ንጹህ ነው፣ ታዲያ ለምን አይነሳም ብሎ ይጎትታል። ይጎትታል። ሠላሳ ጊዜ፣ ሃምሳ ጊዜ፣ ተናዶ ደሞ በሁለት እጁ ይጎትታል። ላይ በላዩ እምቦጩ አለ፣ የሐይቁ አረም፣ ወንፊቱን በደፈነው ቁጥር ማጥፋት፣ መጥረግ፣ ውሃ መሙላት፣ እንደገና ማስነሳት። አንድ ሳምንት ይሄን ከሠራህ የሞላው ጫፍ ምን ይሁን?

እኔ እዛው ቆሜ አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ስትጎትት ብዙ ጊዜ ነበር እንዴ የሚያስቸግርህ?» «ኧረ ተወኝ፣ ትከሻዬን እኮ ጨርሶታል!» ሽማግሌው ስልኩ ውስጥ ሰምተው ፈገግ አሉ።

አሁን ሥራውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ቤት የምትከፍሉት ለዚህ ነው፣ ፊት ለፊታችሁ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ማስነሻውን ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ማስገባት ነው። እጃቸውን በቆዳ ቁራጭ ጠቅልለው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱና መሀሉ ላይ ያለውን ብሎን በካቻቢቴ ፈቱ፣ ፑሌጃውን ቀስ ብለው ሲያነሱት ከረጢቱ ውስጥ ሽሽሽርርርክ የሚል ድምፅ መጣና ከረጢቱ ተነፋ። የፎገራው ሰውዬ ወደ ኋላ ዘለለ። ያ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ተጠቅልሎ ሲታይ ከሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አይበልጥም፣ ሲለቀቅ ደሞ ሜትሮች ነው፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፣ ፊትህን አስጠግተህ ከከፈትከው ዓይንህን ነው የሚፈልገው። አጎቴ ይሄን ነገር ቤት ውስጥ ልጆቹ መሀል ሊከፍተው አስቦ ነበር።

አሮጌው ላይ የተሰበረው የሞላው የውስጠኛው ጫፍ ነው፣ ፑሌጃውን የሚይዝበት መንጠቆ፣ ከጥፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ። ሌላው ሁሉ ደህና ነው! የሚንኳኳውም እሱ ነበር። አዲሱን ሲከፍቱት ደሞ ተቃራኒው ነው፣ ሞላው አልተሰበረም፣ የፕላስቲክ ፑሌጃው ላይ መንጠቆው የሚገባባት ቦታ ተበልታ ክብ ሆናለች፣ መንጠቆው እየሾለከ ነው። «ይሄን የሠራው ሰው ራሱ አስነስቶበት አያውቅም» አሉ። እኔ ውስጤ 1,450 ብሬ ተቃጠለ።

የሞላ ብረት ጠጣር ነው፣ በቀዝቃዛው ላጥፍህ ካልከው እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ነው የሚለው። እሳቸው ጫፉን ሁለት ጣት ያህል ብቻ አስቀርተው ሌላውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉት፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሄዶ ሞላውን እንዳያለሰልሰው፣ ጫፉን ከሰል ላይ (የቡናው ከሰል ነው፣ ሌላ የለም) በትንሽ ወናፍ እስኪቀላ አሞቁት፣ ከዛ ውሃ ውስጥ የሚነክሩት መስሎኝ ነበር፣ አልነከሩትም፣ አመድ ውስጥ ቀበሩት። ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ አሉ። ቡና ጠጣን። ሁለተኛው ላይ ሲወጣ ጫፉ ለስልሶ ነበር፣ አንድ ወፍራም ምስማር ሞርሳው ላይ አስረው በፒንሳ ዙሪያውን አጠፉት፣ ጥርት ያለ ማዕዘን አይደለም ያደረጉት፣ ክብ አድርገው ነው፣ ሹል መታጠፊያ እዛው ላይ ነው የሚሰበረው አሉ። ከዛ በሞረድ ጠርዙን ሁለት ሦስቴ። ሞላው ያቺን ያህል አጠረ፣ ምንም አይለውም።

በላምባ ታጠበ፣ በጨርቅ ተጠረገ። የወጣው ጭቃና አሸዋ ግን ያሳፍራል፣ ግማሹ የጣና ዳርቻ እዛ ውስጥ ነበር። ግራሶ ሲቀቡት በጣት ጫፍ ነው፣ በጣም ትንሽ። እኔ ብሆን እፍን አድርጌ ነበር የምቀባው፣ ግራሶ ሲበዛ አሸዋ ይሰበስባል፣ አሸዋው ደሞ መልሶ ይበላዋል።

ሞላውን መልሶ መጠቅለል ነው ዋናው። የውጭውን መንጠቆ ክዳኑ ላይ ካለችው ስንጥቅ አስገቡ፣ ከዛ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ዙር በዙር፣ በአውራ ጣት እየያዙ። አንድ ዙር ይገባል፣ አውራ ጣት ይይዘዋል፣ ሌላኛው እጅ ቀጣዩን ያመጣል፣ የተጠቀለለው እየጨመረ ሲሄድ ጉልበቱም ይጨምራል፣ ክንዳቸው ላይ ያለው ሥር ሲወጣ ይታያል፣ በዕድሜ ግን ሰባ አልፈዋል። ማንም አልተነፈሰም። የጀልባው ልጅ ብቻ «አቅጣጫውን ተገልብጦ ቢሆንስ?» አለ፣ ክፉ አፍ። «ተገልብጦ ከሆነ ገመዱ ሳይሆን አንተ ነህ የምትጠቀለለው» አሉት። ሁላችንም ሳቅን፣ እሳቸው አልሳቁም፣ አውራ ጣታቸው ሥራ ላይ ነበር።

ይሄን የት ተማሩት አልኳቸው ሲጨርሱ። በደርግ ጊዜ ሠራዊቱ ውስጥ ጠመንጃ ጥገና ላይ ነበርኩ አሉ። የአርፒኬው መትረየስ ክብ ካዝና፣ 75 ጥይት የሚይዘው፣ ውስጡ እንዲሁ የተጠቀለለ ሞላ ነው ያለው፣ አሸዋ ሲገባበት ይነክሳል፣ ያንን ሲያጸዱና መልሰው ሲገጥሙ ነው እጃቸው የለመደው። «ያው ነው እንግዲህ፣ ያኔ ጥይት ይገፋ ነበር፣ አሁን ሽንኩርት ያጠጣል። ያኛውን ለማንም አልሠራም፣ የሚመጣ አይጠፋም፣ አልሠራም።» ከዛ ወደ ሥራቸው ዞሩ፣ እኔም ሌላ አልጠየቅኩም።

ፑሌጃው ገባ፣ የውስጡ መንጠቆ ጠቅ ብሎ ያዘ። ሁለቱ ጥርሶች፣ ማለት ስትጎትት ወደ ውጭ ወጥተው ሞተሩን የሚይዙት፣ ያሮጌው ተበልተው ስለነበር ከአዲሱ ላይ አውጥተው ቀየሯቸው፣ ስለዚህ 1,450 ብሬ ሙሉ በሙሉ ገደል አልገባም። ገመዱንም ቀየሩት፣ ከጥቅል ላይ ቆርጠው፣ ጫፉን በክብሪት አቅልጠው በጣታቸው አሾሉት፣ ቋጠሮውንም እንደዛው አቀለጡት እንዳይፈታ።

ሁሉም ሰው የሚሳሳተው ደሞ እዚህ ጋ ነው ብለው ያሳዩኝን ልንገራችሁ። ገመዱ ፑሌጃው ላይ ከተጠቀለለ በኋላ ሞላው መጀመሪያውኑ ትንሽ መወጠር አለበት፣ ካልተወጠረ እጀታው ቤቱ አይገባም፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ዙር ያህል አስቀድሞ ይዞራል። ሰው ግን ሞላው እንዲበረታ ብሎ አራት አምስት ዙር ያዞረዋል፣ ሲጎትት እጀታው ጠበቅ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ግን ገመዱ ሳያልቅ ሞላው ያልቃል፣ ያኔ የጎተትክበት ኃይል ሁሉ የሚያርፈው መንጠቆዋ ላይ ነው። መሞከሪያውም ቀላል ነው፣ ገመዱን እስከ መጨረሻው አወጡና ፑሌጃውን በአውራ ጣት ትንሽ ገፋ አደረጉት፣ ግማሽ ዙር ያህል ሄደ። «አየህ፣ ትንፋሽ ቀርቶታል።» ከዛ ለቀቁት፣ ዝርርርር ጠቅ። ያንን ጠቅ የሚለውን ድምፅ ከዘጠኝ ቀን በላይ አልሰማሁትም ነበርና በጣም ነው የጣፈጠኝ።

ሒሳቡ ገመዱን ጨምሮ 400 ብር። የሚጎድለው ላይ ደሞ ልምጣ፣ ማሞገስ ብቻ ከሆነ ዘመድ ነው ትሉኛላችሁ።

አንደኛ «አንድ ሰዓት ተቀመጥ» ብለው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው የቆየሁት፣ ከቢሮ አስፈቅጄ የወጣሁት ደሞ ለሁለት ሰዓት ነው። ወረፋ የሚባል ነገር የለም፣ ደስ ያላቸውን ነው የሚያስቀድሙት፣ ከሩቅ የመጣ ይቀድማል፣ እሱ ጥሩ ነው፣ ግን ቡና ይዞ የመጣም ይቀድማል። ስልክ አላቸው፣ አያነሱም። ደረሰኝ የሚባል የለም፣ ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ወይ ለማኅበር የምታሠሩ ሰዎች ሒሳብ ማወራረድ ላይ ትቸገራላችሁ። ይቆጣሉ ደሞ። አንዱ ሰውዬ ራሱ ከፍቶ ሞላውን ከነከረጢቱ ይዞ መጣ፣ «ይሄን ማን ክፈት አለህ» ብለው ያወረዱበት ስድብ እኔ ላይ ቢሆን ዕቃዬን ይዤ እወጣ ነበር፣ በኋላ ግን ሠሩለት፣ ከሱ የወሰዱት 200 ብር ብቻ ነው፣ የመንገዱን ጠይቀውት አዝነውለት።

ትልቁ ችግር ግን በዓል ነው። በ12 ዝግ፣ በ21 ዝግ፣ በ23 ዝግ፣ በ27 ዝግ፣ እሑድማ አይወራም። ሞተር ደሞ የሚበላሸው በበዓል ዋዜማ ነው።

እና እንደኔ ማስነሻውን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ከቻላችሁ ሞተሩን ጭምር ጫኑት። ሳያዩት የሠሩልኝ ምዬላቸው ነው፣ ማለት ደለዳላ ቦታ ላይ እናስቀምጠዋለን፣ አጎቴም ሲጎትት ቀስ ይላል ብዬ። ሲጎተት ቀስ ተብሎ ነው የሚጀመረው፣ የሚጠጥርበት ቦታ እስኪደርስ፣ ከዛ ገመዱ ይመለስና ነው በደንብ የሚሳበው፣ እጀታውንም ሞተሩ ከተነሳ በኋላ እንዳይለቁት፣ በእጅ ይዘው ወደ ቤቱ ያስገቡት። ይሄ እኮ የሞተሩ መመሪያ ላይም አለ አሉኝ። መመሪያው የት እንዳለ እግዜር ይወቀው፣ አጎቴ ቤት በርበሬ ተቋጥሮበት አይቻለሁ መሰለኝ።

ከ5 4 እሰጣለሁ። ለሥራው 5፣ አንዷን የቀነስኩት ለሦስት ሰዓት ተኩሏ ነው። ያኛው መስታወት ያለው ሱቅ ደሞ የዕቃው ጥፋት ነው እንጂ የልጁ አይደለም፣ ግን ሳይፈታ «የሚጣል ነው» ማለቱን አልረሳለትም።

ማታውኑ ወራሚት ወሰድኩት። አጎቴ ከላይ እስከ ታች አገላብጦ አየው፣ «ያው ያሮጌው አይደል እንዴ፣ ምን አዲስ ነገር አለው» አለ። ሞተሩ ሥር ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይና አንድ የሣጥን ጣውላ አስገባን፣ ውሃ በጠርሙስ ይዤ ጣውላው ላይ አስተኝቼ ቀጥ ማለቱን አየሁ፣ አጎቴ እየሳቀብኝ። አንዴ ሳበ፣ አልተነሳም። አየኝ። ሁለተኛውን ቀስ አለና ጠጠር ሲልበት መለሰው፣ ከዛ ሳበው፣ ተነሳ። እጀታውን ይዞ አስገባው፣ ጠቅ። ውሃው ቱቦው ጫፍ ላይ እስኪደርስ ሁለታችንም ዝም ብለን ቆመን ነበር፣ መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዛ ቡናማ፣ ከዛ ጥርት ያለው መጣ።

ሽንኩርቱ ተነቅሎ ተሸጧል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ኪሎ ይዤ ላመሰግናቸው ሄድኩ፣ ቡና የያዘ ይቀድም የለ፣ ሽንኩርትም ይቁጠሩልኝ ብዬ። መንኮራኩሩ በር ላይ የለም፣ ተዘግቷል። ጎረቤት ያለችውን ልጅ ምነው አሞዋቸው ነው እንዴ ብዬ ስጠይቃት እንደ ሞኝ አየችኝ።

ለካ ቀኑ 21 ነው።